የቪክቶሪያ የቢልደር ፈቃዴን ወደ ኩዊንስላንድ ሳሻግር

ቪክቶሪያ ስቴት፣ ሜልበርን ላይ የተመዘገበ ቢልደር (ቤት ሠሪ ተቋራጭ) ኩዊንስላንድ ስቴት፣ ብሪዝበን ሄዶ ደህና በረንዳ እንኳ በራሱ ስም ተዋውሎ መሥራት አይችልም። አገሩ አንድ ነው። ፓስፖርቱም አንድ ነው። የግንባታ ፈቃዱ ግን በየስቴቱ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ለመዛወር የሚያስቡ የኛ ሰዎች ደጋግመው ስለሚደውሉልኝ፣ ያየሁትን አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጥ ብያለሁ።

አብዛኛው ደዋይ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "እንደ አዲስ ልማር ነው እንዴ?" ብሎ ነው። አይደለም። ፈተና የለም፤ ኮርስም የለም። አንዱ ስቴት ብቃታችሁን መዝኖ ፈቃድ ከሰጣችሁ፣ ሌላው ስቴት እንደገና ልመዝን አይልም። ሰው የሚንገላታው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፈቃዱ ድንበር ይሻገራል። ካምፓኒው፣ ኢንሹራንሱ፣ የለመዳችሁት የውል ወረቀት ግን ወዲያ ማዶ ይቀራል። የኔንም ጊዜ የበላው ማመልከቻው ሳይሆን ይኼኛው ነበር።

ስለ ራሴ በአጭሩ። አናጢነት የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፣ ከአጎቴ ጋር። ሜልበርን ከመጣሁ በኋላ በምዕራቡ በኩል፣ ፉትስክሬይና ሰንሻይን አካባቢ፣ ለሰው እየሠራሁ ማታ ማታ ተማርኩና የግንባታ ዲፕሎማ ያዝኩ። ከዚያ ቪክቶሪያ ውስጥ "ዶሜስቲክ ቢልደር አንሊሚትድ" ሆኜ ተመዘገብኩ። ይህ ፈቃድ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ሁሉ ያሠራል። ባለቤቴ ነርስ ናት። በፈረንጆቹ 2022 ብሪዝበን ሥራ አገኘችና ጓዛችንን ጠቅልለን ወጣን። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ የብሪዝበን ወንዝ ሞልቶ ብዙ ሰፈር አጥለቅልቆ ነበር። የሚጠገን ቤት በሽ ነው። ባለሙያ ግን ጠፍቷል። ሥራ እንዲህ ተርፎ እያለ ቁጭ ብሎ ወረቀት መጠበቅ ያንገበግባል።

የነገሩ ሁሉ መሠረት በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የጋራ እውቅና ሕግ ነው። እዚህ ሰው ሁሉ "ሙቹዋል ሪኮግኒሽን" ነው የሚለው፤ ቢሮ ስትደውሉም በዚሁ ስም ጠይቁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ስቴት ወይም ቴሪቶሪ ለአንድ ሙያ የተመዘገበ ሰው፣ በሌላውም ለዚያው ሙያ የመመዝገብ መብት አለው። ቢሮው የት ተማርክ፣ ስንት ዓመት ሠራህ ብሎ ከሥር አይጀምርም። የሚያየው የያዛችሁት ፈቃድ የሚያሠራው ሥራ እሱ ከሚሰጠው ፈቃድ ጋር መመሳሰሉን ነው። ኒውዚላንድም በ1997 በወጣ ሌላ ሕግ በዚሁ ውስጥ ገብታለች።

ሕጉ የጊዜ ገደብም አለው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ ቢሮው በአንድ ወር ውስጥ መወሰን አለበት። ይሰጣል፣ ይከለክላል፣ ወይም ምክንያት ካለው ለጊዜው ያቆየዋል። ማቆየትም ቢሆን ከስድስት ወር አያልፍም። ወሩ ዝም ተብሎ ካለፈ የመመዝገብ መብታችሁ ይጸናል። ከተከለከላችሁ ደግሞ ወደ ፌዴራሉ የአስተዳደር ይግባኝ ፍርድ አካል መሄድ ይቻላል። ድሮ ኤ ኤ ቲ ይባል የነበረው ነው፤ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በአዲስ ተቋም ተተክቷል። እዚህ ድረስ የሚደርስ ሰው ጥቂት ነው። ግን መብቱ መኖሩን አውቆ መደወልና ሳያውቁ መደወል አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ሰው የሚደባለቅበት ነገር አለ። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ "አውቶማቲክ" የሚባል እውቅና መጥቷል። በዚህኛው አዲስ ፈቃድ አታወጡም። በቤት ስቴታችሁ ፈቃድ ሌላ ስቴት ገብታችሁ ትሠራላችሁ፤ አንዳንዱ ሙያ ላይ ቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ቪክቶሪያ ጫፍ ዎዶንጋ የሚኖር ሰው ወንዙን ተሻግሮ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ኦልበሪ ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሁለት ጉዳይ አለበት። አንደኛ፣ ሁሉም ስቴት በአንድ ቀን አልገባበትም፤ እኔ ስዛወር ኩዊንስላንድ ውጪ ነበረች። በገቡትም ውስጥ ሚኒስትሮቹ አንዳንድ ሙያዎችን ለጊዜው ከዝርዝሩ ማውጣት ይችላሉ። ሁለተኛውና ዋናው፣ "የቤት ስቴት" የሚባለው በዋናነት የምትኖሩበት ወይም የምትሠሩበት ስቴት ነው። ቤታችሁን ነቅላችሁ ከሄዳችሁ የቤት ስቴታችሁ ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ጓዙን ጭኖ የሚዛወር ሰው "አውቶማቲክ ነው ብለውኛል" ብሎ መዘናጋት የለበትም። መደበኛውን ማመልከቻ ያስገባ።

ኩዊንስላንድ ውስጥ ጉዳዩን የሚይዘው የስቴቱ የሕንፃና ኮንስትራክሽን ኮሚሽን ነው፤ ሁሉም ኪው ቢ ሲ ሲ ይለዋል። ኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ሳውዝ አውስትራሊያ፣ ዌስተርን አውስትራሊያ ሁሉም የየራሳቸው ቢሮ አላቸው። በነገራችን ላይ የቪክቶሪያው ቢሮ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ስሙም አደረጃጀቱም ተቀይሮ የሕንፃና የቧንቧ ኮሚሽን ሆኗል። የድሮው ቪ ቢ ኤ የሚለው ስም ያለበት አሮጌ ወረቀት ይዛችሁ ከሆነ አትደንግጡ። የፈቃድ ማስረጃውን ግን ከአዲሱ ቢሮ ወቅታዊውን አውጡ።

ማመልከቻው ራሱ አያስፈራም። ያላችሁን ፈቃድ ኮፒ ታያይዛላችሁ። በየትኛው ስቴት ምን ፈቃድ እንዳላችሁ በዝርዝር ትጽፋላችሁ። የዲሲፕሊን ክስ ወይም ምርመራ እንደሌለባችሁ፣ ፈቃዳችሁ ታግዶ ወይም ተሰርዞ እንደማያውቅ፣ ያለበት ገደብ ካለም ምን እንደሆነ ትገልጻላችሁ። ቢሮው ሜልበርን ደውሎ ስለናንተ እንዲጠይቅ ትፈቅዳላችሁ። ይህ ሁሉ በቃለ መሐላ ነው የሚረጋገጠው። ቃለ መሐላውን የሚያይ ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ በየቤተ መጻሕፍቱና በየገበያ ማዕከሉ በነፃ ይቀመጣል፤ ለዚህ ብላችሁ ጠበቃ ዘንድ ሄዳችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

የዲሲፕሊኑ ነገር ቀልድ አይደለም። አንድ ደንበኛ ቪክቶሪያ ውስጥ አቤቱታ አስገብቶባችሁ ቢሮው ምርመራ ከጀመረ፣ ገና በመጣራት ላይ ያለም ቢሆን መናገር ግድ ነው። "ትንሽ ነገር ናት" ብሎ መዝለል በመሐላ መዋሸት ነው የሚሆነው። ከመነሳታችሁ በፊት ከደንበኛ ጋር ያለ ያልተቋጨ ጭቅጭቅ ካለ እዚያው ጨርሱት። የቪክቶሪያውን ዓመታዊ ክፍያም ሳይከፍሉ እንዳይነሱ። ማመልከቻው በሂደት ላይ እያለ የመጀመሪያው ፈቃድ ከሞተ የምትንጠለጠሉበት ነገር አይኖርም።

አሁን የኛን ሰው ለይቶ ወደሚያንገላታው ነገር ልምጣ። ስም! መንጃ ፈቃዴ ላይ የኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ። የቢልደር ፈቃዴ ላይ የኔና የአያቴ ብቻ፤ ኢሚግሬሽን ሲመዘግበኝ አያቴን የቤተሰብ ስም አድርጎት ነበርና። ዲፕሎማዬ ላይ ደግሞ የአባቴ ስም "ገብረ" ለብቻው፣ ቀሪው ለብቻው ተጽፏል፤ ሌላው ሰነድ ላይ ተያይዟል። ለኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተራቸው ሦስት ሰው ነው። ማመልከቻውን ያየችው ሠራተኛ በጣም ትሁት ናት፤ ግን "እነዚህ ሁሉ አንተ መሆንህን በምን ልወቅ?" ብላ ደወለች። እውነቷን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀድሞ ከተዘጋጀ። ለብቻው አንድ ቃለ መሐላ ጻፉ። እዚህ ሰነድ ላይ እንዲህ፣ እዚያ ሰነድ ላይ እንዲያ ተብዬ ተጽፌያለሁ፣ ሁሉም እኔ ነኝ በሉ። የልደት ቀናችሁ የሚለያይ ከሆነም፣ ያው የኛ አቆጣጠር ሲቀየር የሚፈጠረውን ታውቁታላችሁ፣ እሱንም ጨምሩበት። የዜግነት ሰርተፊኬት ካላችሁ አያይዙት። እኔ ይህን ወረቀት አሁን በየሄድኩበት እይዘዋለሁ። ባንክም ኢንሹራንስም ይጠይቀዋል።

ከዚያ የፈቃዱ ዓይነት ይመጣል። ስቴቶቹ ለፈቃድ የሚሰጡት ስምና ደረጃ አይገጣጠምም። ቪክቶሪያ የመኖሪያ ቤትና የንግድ ሕንፃ ብላ ትለያለች። ኩዊንስላንድ ደግሞ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ክፍት እያለች በሕንፃው ስፋትና ዓይነት ትከፍላለች። ዝቅተኛው ፎቅ የሚባለው ደረጃ መኖሪያ ቤትን ብቻ ሳይሆን እስከ 2,000 ካሬ ሜትር የሚደርሱ ትናንሽ የንግድ ሕንፃዎችንም ይጨምራል። የየትኛው ስቴት ፈቃድ ከየትኛው ጋር እንደሚመጣጠን የሚያሳይ ሰንጠረዥ በመንግሥት ወጥቷል። ቢልደር፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አናጢ ሁሉ አለበት። ከማመልከታችሁ በፊት እሱን እዩ። የሚበልጥ ፈቃድ ጠይቆ ከመመለስ ያድናል። ሙሉ በሙሉ ካልተመሳሰለም ቢሮው ገደብ አስገብቶ ይሰጣል እንጂ ባዶ እጅ አይሸኝም።

የኔም ከመኖሪያ ቤት ጋር የተያያዘ ገደብ ይዞ መጣ። ከቪክቶሪያ ይዤ የመጣሁት የመኖሪያ ቤት ፈቃድ ስለሆነ ተገቢ ነው። ችግሩ የመጣው ሙሩካ ላይ ነው። ሙሩካ ብሪዝበን ውስጥ የሀበሻና የሌላው አፍሪካዊ ሱቅ የተደረደረበት ሰፈር ነው። እዚያ ምግብ ቤት ያላቸው ጋሼ፣ ቢልደር መምጣቱን ሰምተው ቡና ጋበዙኝ። ሱቁን በስተኋላ ማስፋት ይፈልጋሉ። ኩሽናውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ጣሪያውን ከፍ አድርገው፣ አንድ ሁለት ምሰሶ ነቅለው።

"ልጄ፣ ላንተ ምን አላት ይቺ? ሁለት ሳምንት ናት" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ሥራው አይከብደኝም። ፈቃዴ ላይ ግን የለም።"

"ፈቃድህ ቢልደር ይል የለ?"

"ይላል። የሰው ቤት ነው የሚለው። ሱቅ አይልም።"

አኩርፈው ሰነበቱ። ትክክለኛ ፈቃድ ያለው ሰው አገናኘኋቸውና እሱ ሠራላቸው። ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። ኩዊንስላንድ ውስጥ ያለ ተገቢው ፈቃድ የሠራ ሰው የድካሙን ዋጋ በሕግ መጠየቅ አይችልም። በፍርድ ቤት ቢከራከር ለዕቃና ለመሳሰለው ካወጣው ተገቢ ወጪ ያለፈ አያገኝም፤ ትርፍና የራሱ ጉልበት የሉበትም። በወዳጅነት የተጀመረ ሥራ በጠብ ሲያልቅ ከባዱ እዳ የሚወድቀው ማን ላይ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ቅጣቱ ሌላ ነው።

የብር ወሰኑም እንደየስቴቱ ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ የመኖሪያ ቤት ሥራ ከ10,000 ዶላር ካላለፈ የተመዘገበ ቢልደር ላያስፈልግ ይችላል። ኒው ሳውዝ ዌልስ 5,000 ነው። ዌስተርን አውስትራሊያ ከ20,000 ይጀምራል። ኩዊንስላንድ ደግሞ 3,300 ዶላር! ጉልበትም ዕቃም ተደምሮ ማለት ነው። ሜልበርን "ትንሽ ሥራ" ብላችሁ የምትሠሩት ዴክ (የእንጨት በረንዳ)፣ ብሪዝበን ላይ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከሜልበርን የመጣ አናጢ በአብዛኛው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ማመልከቻ አስገብታችሁ ውሳኔ ስትጠብቁስ? ሕጉ በዚህ ለጋስ ነው። በትክክል ያመለከተ ሰው ውሳኔ እስኪመጣ እንደተመዘገበ ይቆጠራል፤ የዚያ ስቴት የኢንሹራንስና መሰል ግዴታዎች ከተሟሉ ማለት ነው። በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ደንበኛ መጀመሪያ የሚያደርገው ስማችሁን በቢሮው የሕዝብ መዝገብ መፈለግ ነው። ካጣችሁ ስልኩን አያነሳም። እኔ ያንን ጊዜ ብሪዝበን ላለ ሌላ ቢልደር በደመወዝ እየሠራሁ አሳለፍኩት። ለዚያ የሚያስፈልገው ዋይት ካርድ፣ ማለትም የግንባታ ቦታ ደህንነት ሥልጠና ካርድ፣ ብቻ ነበር፤ ዋይት ካርድ ደግሞ የየትኛውም ስቴት ቢሆን በሁሉም ቦታ ይሠራል። ገቢው ያንሳል። ግን የአገሩን አሠራር በሰው ገንዘብ ተማርኩበት፤ ወደኋላ ሳየው ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው።

ስለ ካምፓኒ ልንገራችሁ። ሜልበርን በካምፓኒ ነበር የምሠራው። የጋራ እውቅና ግን ለግለሰብ ብቻ ነው። ካምፓኒ በዚህ መንገድ አይሻገርም። በካምፓኒ ስም ውል መፈረም ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ እናንተ በግል ፈቃዱን ታገኛላችሁ። ከዚያ ካምፓኒው ለብቻው እንደ አዲስ ያመለክታል፤ እናንተ የሱ ኃላፊ ባለሙያ ሆናችሁ ትቀርባላችሁ። ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት ክፍያ። በቅደም ተከተል ስለሆነ ጊዜውም ይደራረባል። በካምፓኒ ስም የመኪና ብድር ያለበት ሰው ይህን ቀድሞ ያስላ።

ገንዘቡ ደግሞ የባሰ ነው። ኩዊንስላንድ ውስጥ በራሱ ስም የሚዋዋል ኮንትራክተር የገንዘብ አቅሙን ማሳየት አለበት። ያላችሁ የሚጨበጥ ሀብት ከዕዳችሁ ተቀንሶ የሚቀረው ነው የሚታየው። በዓመት እስከ 200,000 ዶላር ሥራ ለሚሠራ 12,000 ዶላር የተጣራ ሀብት ይጠበቅበታል። እስከ 800,000 ለሚሠራ 46,000። ከዚያ በላይ ሲሆን አካውንታንት የፈረመበት ሪፖርት ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። 200,000 ዶላር ብዙ ይመስላል። ግን የሚቆጠረው ትርፍ ሳይሆን ጠቅላላ ገቢ ነው። ብሪዝበን ላይ አንድ ደህና ማስፋፊያ ብቻውን ይበላዋል። በዝቅተኛው ምድብ የገባ ሰው በዓመቱ አጋማሽ ላይ ሁለተኛውን ትልቅ ሥራ "አልችልም" ብሎ ሊመልስ ነው።

የኔ አካውንታንት ሀበሻ ናት፤ የሰው ኪስ በደንብ ታውቃለች። "እቁብህን ሀብት ብለህ እንዳትጽፍ" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። ስቄ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ብዙ ደንበኞቿ እቁብ ውስጥ ያለ ገንዘብ፣ ለዘመድ የተሰጠ ብድር፣ አዲስ አበባ በወንድም ስም ያለ ቤት እየቆጠሩ ይመጣሉ። ወረቀት የሌለው ሀብት እዚህ ሀብት አይደለም። የድርጅታችሁ መልካም ስምም እንደዚያው፤ የማይጨበጥ ነገር አይቆጠርም። ከመዛወራችሁ ጥቂት ወራት ቀድማችሁ ሒሳባችሁን አጥሩ። በባንክ የሚታይ ይሁን። እቁብ ደርሷችሁ ከሆነ አካውንት ውስጥ ይደር።

በራሱ ስም መዋዋል የማይፈልግ፣ ለሌላ ካምፓኒ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ መቀጠር ለሚበቃው ሰው ግን የተቆጣጣሪ ፈቃድ አለ። እሱ ላይ የገንዘብ መስፈርቱ የለም። መጀመሪያ በዚያ ገብቶ በኋላ ወደ ኮንትራክተርነት ማደግ ይቻላል። ለወጣት ባለሙያ እኔ ይህን ነው የምመክረው።

ኢንሹራንሱ ላይ ሁለቱ ስቴቶች በጣም ይለያያሉ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ ቪክቶሪያ ውስጥ ከ16,000 ዶላር በላይ ለሆነ የቤት ሥራ ቢልደሩ ኢንሹራንስ ይገዛል። ያ ኢንሹራንስ ለደንበኛው የሚከፍለው በዋናነት ቢልደሩ ሲሞት፣ ሲጠፋ ወይም ሲከስር ነበር። ኩዊንስላንድ ውስጥ የቤት ዋስትናውን የሚያስተዳድረው ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ራሱ ነው። ከ3,300 ዶላር በላይ የሆነ የመኖሪያ ቤት ግንባታ በአብዛኛው ይሸፈናል። ቢልደሩ አረቦኑን ከደንበኛ ሰብስቦ ሥራ ሳይጀምር ይከፍላል። ቢልደሩ በሕይወት እያለ፣ ሳይከስርም፣ ጉድለት አስተካክል ተብሎ እምቢ ካለ ዋስትናው ለባለቤቱ ይከፍላል። ከዚያ ቢሮው ወደ ቢልደሩ ዞሮ ገንዘቡን ይጠይቃል። ለደንበኛ ይህ ደግ ነው። ለቢልደር ግን ፈቃድ የሰጠው፣ ኢንሹራንሱን የያዘው፣ አቤቱታ የሚሰማው አንድ ቢሮ ነው ማለት ነው። ደብዳቤ ሲመጣ በሰዓቱ መልሱ።

ውሉን በተመለከተ የሜልበርን ፎርም ይዛችሁ አትሂዱ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ከ3,300 በላይ እስከ 20,000 ዶላር ለሚደርስ አንድ ዓይነት፣ 20,000 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሌላ ዓይነት የጽሑፍ ውል ያስፈልጋል። በትልቁ ውል ላይ ደንበኛው አምስት የሥራ ቀን አስቦ መተው ይችላል። ቅድሚያ ክፍያው ላይ ግን ሁለቱ ስቴቶች ይገጥማሉ፤ ለትልቁ 5 በመቶ፣ ለትንሹ 10 በመቶ። "ግማሹን ስጠኝና ዕቃ ልግዛ" የሚለው የአገራችን አሠራር የትም አይሠራም።

ሳይቱ ላይ ስትወጡ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የብሔራዊው የግንባታ ኮድ አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ማሻሻያ ይጨምርበታል። ሜልበርን ቤት መሬት ላይ በኮንክሪት ይቀመጣል። ብሪዝበን የድሮው ቤት በእንጨት ምሰሶ ላይ ቆሞ፣ ሥሩ ነፋስ ይገባዋል። የመጀመሪያው የጥገና ሥራዬ ላይ የወለሉን ጣውላ ስነቅል፣ ምሰሶው አናት ላይ እንደ ባርኔጣ የተደፋ ቆርቆሮ አየሁ። ምስጥ ከመሬት ሲወጣ በውጭ በኩል ዞሮ እንዲሄድና እንዲታይ ነው የተሠራው። ጎርፉ ሲወጣ አንዱ ቆርቆሮ ተጣሞ ነበርና በሱ በኩል ምስጥ ገብቶ፣ ተሸካሚው እንጨት ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ወረቀት ሆኗል። በመዶሻ ስነካው ጣቴ ገባ። ሜልበርን በነበርኩበት ሰፈር ምስጥን እንዲህ አስቤው አላውቅም። ነፋሱም እንዲሁ ነው። ወደ ሰሜን ወደ ታውንስቪልና ኬርንስ ስትሄዱ የሳይክሎን ምድብ ይመጣል፤ የጣሪያ ማሰሪያው፣ ብሎኑ፣ የመስኮቱ ዓይነት ሁሉ ይቀየራል። ፈቃዱ እዚያም ይሠራል። እውቀቱን ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ትጨምራላችሁ፤ ማንም አይጠይቃችሁም።

ወረቀቱም ስሙ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል። ቪክቶሪያ ሕንፃውን የሚያጸድቀው "ሰርቬየር" ነው፤ ኩዊንስላንድ "ሰርቲፋየር" ይባላል። የኢንጂነሩ ዲዛይን ማረጋገጫ ፎርም 15፣ የተሠራው መታየቱ ፎርም 16፣ ለመኖሪያ ቤት የመጨረሻው ፎርም 21 ነው። ደንበኛ የመጨረሻውን ክፍያ ከመልቀቁ በፊት ፎርም 21ን ይጠይቃል። የትኛው ሥራ ላይ የቱ ፎርም እንደሚያስፈልግ ሰርቲፋየሩን ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ጠይቁት።

ከኢትዮጵያ ቀጥታ ለሚመጡ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ ደረጃ አምስት ወይም ደረጃ ሦስት ኮንትራክተር የነበረ ሰው "የጋራ እውቅናው ለኔም ይሠራል ወይ?" ብሎ ይጠይቀኛል። አይሠራም። ይህ ሕግ በአውስትራሊያ ስቴቶችና ቴሪቶሪዎች መካከል ነው፤ ከውጭ ኒውዚላንድ ብቻ ናት ያለችው። ከአገር ቤት የመጣ ልምድ በሙያ ምዘና ወይም ኮሌጅ ውስጥ ቀደም ያለ እውቀትን በማስመዘን ነው የሚገባው። ልምዱ ከንቱ አይደለም። የሠራችሁባቸውን ሕንፃዎች ፎቶ፣ ውል፣ የአሠሪ ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ በአንድ ስቴት ተመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ያለው መሻገሪያ እኔ የጻፍኩት ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ጥያቄ የቪክቶሪያውን ፈቃድ ማቆየት ነው ወይስ መተው የሚል ነው። የኩዊንስላንዱ ከተሰጣችሁ በኋላ በራሱ የቆመ ነው፤ በዚያኛው ዓመታዊ ክፍያ አይታሰርም። ግን አንዱ ስቴት በዲሲፕሊን ከሰረዛችሁ ወይም ካገዳችሁ ሌላውም ይከተላል። የሠራችሁት ቤትም አብሯችሁ አይዛወርም። ቪክቶሪያ ውስጥ በግንባታ ጉድለት ለመክሰስ ያለው ጊዜ ቤቱ ሊኖርበት ይችላል የሚለው የሕንፃ ፈቃድ ከወጣ ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ነው። ኩዊንስላንድ ላይ ለመዋቅር ጉድለት የውል ዋስትናው 6 ዓመት፣ ለሌላው 1 ዓመት ነው። እኔ የቪክቶሪያውን እየከፈልኩ አቆይቼዋለሁ። ሜልበርን ብመለስ ከዜሮ እንዳልጀምር ነው፤ አማቴም እዚያ ስላሉ በዓመት አንዴ መሄዴ አይቀርም። ለመመለስ ሐሳብ የሌለው ሰው ይተወው። የሥራ ፋይሉን፣ ፎቶውንና ውሉን ግን አንዱንም አይጣል። እኔ ከሜልበርን ስነሳ ሁለት ካርቶን ሙሉ ወረቀት ነው መኪናው ላይ የጫንኩት፤ ባለቤቴ ሶፋው ቀርቶ ይኼ መጫኑን እስካሁን ታነሳብኛለች።